እጄን መሰብሰብ አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

የአራተኛ ፎቅ እናት (ኮዬ ፈጬ) — ሰኞ፣ ከሌሊቱ 7፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የምጽፈው። ስሜን አልጽፍም። ጎረቤት ቢያነብስ ብዬ ነው።

የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የ7 ሳምንት ሴት ልጅ ደግሞ ታቅፌአለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ የጅቡቲ መስመር። በወር ሦስት አራት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። እናቴ ከደሴ መጥታ 3 ሳምንት አረሰችኝና ተመለሰች፤ እሷም የምትጠብቀው ቤት አላት። ከዚያ ወዲህ እኔና አራቱ ግድግዳ ነን። የድሮ ሰፈራችን ሳይፈርስ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ ነበርን። ልጅ ሲያለቅስ "ማነው የነካብኝ?" ብሎ የሚወጣ አይጠፋም። እዚህ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው፤ ፊት ለፊቴ ያለው በር የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ውኃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሕፃኗ ከ10 ሰዓት ጀምራ ታለቅሳለች። ትልቁ ልጄ ያጠራቀምኩትን ውኃ ደፋው። የእህቱን ጫማ ጀልባ አድርጎ ሊያንሳፍፍ ብሎ ነው። በስልክ ቻርጀር ገመድ መታሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚህ በፊት ቆንጥጬው፣ በጥፊ ብዬው አውቃለሁ። እንዲህ ግን አድርጌ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከመደርደሪያ ላይ ስኒ ላወርድ እጄን ሳነሣ፣ ልጄ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ሸፈነ። ስኒ ነበር የማወርደው።

ምክር እፈልጋለሁ። ስድቡን ተዉት፣ እሱን ለራሴ ሰድቤ ጨርሻለሁ።

የጉለሌው አባት — ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ይህን ያህል አትጨነቂ። እኛ በአለንጋ ተገርፈን፣ በርበሬ ታጥነን፣ ጠጠር ላይ ተንበርክከን ነው ያደግነው። ይኸው ሰው ሆነናል። "ያልተቀጣ ልጅ ቢቆጡት ያለቅሳል" ይባላል። የዘንድሮ ልጅ ደግሞ የሚፈራው የለውም። ገመዱ በዝቷል፣ እሱን ተይው። መቅጣቱን ግን አትፍሪ።

ነርስ ከጤና ጣቢያ — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሷ የጠየቀችው "ልቅጣ ወይ?" ብላ አይደለም። "ማቆም አቃተኝ" ነው ያለችው። ሁለቱ ይለያያሉ።

እህቴ፣ መጀመሪያ የልጁን ነገር ልጠይቅሽ። ጭንቅላቱን ነክተሽዋል? ያስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው፣ ያበጠ ነገር አለ? አንዱም ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። "ምን ይሉኛል" ብለሽ አታዘግዪ።

ስለ ሕፃኗ። የ7 ሳምንት ልጅ ብዙ ታለቅሳለች። ልቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና እየጨመረ ሄዶ በሁለተኛው ወር ጣሪያ ይነካል። ከዚያ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር እየቀነሰ ይመጣል። በተለይ ማታ ማታ ያለምንም ምክንያት ይመጣል። አጥብተሻት፣ ቀይረሻት፣ ትኩሳት ሳይኖራት አሁንም ካለቀሰች፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አላበዛሽም፣ አላጎደልሽም። ንዴቱ ሲመጣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኚያት፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ውጪ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ብታለቅስም ምንም አትሆንም። የሚጎዳት መናጥ ነው። አንገቷ ለጋ ነው፣ ጭንቅላቷ ከባድ ነው፤ ተናደው ለጥቂት ሰኮንድ የነቀነቁት ሕፃን አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ይህን የምልሽ አድርገሽዋል ብዬ አይደለም። ለማንኛዋም አራስ የምለው ነው።

ሌላው ጥያቄ፣ ከፈለግሽ ለብቻዬ መልሺልኝ። ባልሽ እጁን ያነሣብሻል? እንቅልፍ ሲገኝ እንኳ መተኛት አቅቶሻል? "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት በሕክምና የሚሻል ነገር ነው። እጅን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

አወያይ — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

የልጅ ፎቶ፣ የብሎክ ቁጥር፣ ስልክ እዚህ አይለጠፍ። የለጠፉትን ሁለት ሰዎች አንሥተናል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት (አሜሪካ) — ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡20

እህቴ፣ ያንን የስኒ ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። የእኔም በስኒ ባይሆን በር ስከፍት ነበር።

እኔ ጋ ነገሩ የወጣው በትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዋ የልጄ ክንድ ላይ ምልክት አይታ ደወለች። እዚህ አስተማሪ መደወል ግዴታው ነው፤ ካልደወለች እሷ ትጠየቃለች። ማታ ሲፒኤስ፣ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው፣ በሬን አንኳኳ። ልጄን የሚወስዱት መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። አልወሰዱትም። የወላጆች ትምህርት ግቢ አሉኝ። ለሳምንታት ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እየሄድኩ ጨረስኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከትምህርቱ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት አንድ ጥያቄ ነው። አስተማሪዋ "ከመምታትሽ በፊት ምን ይሰማሻል?" አለችኝ። "ደሜ ይፈላል" አልኳት። "ከመፍላቱ በፊትስ?" አለች። ቆይቼ ሳስበው ርቦኝ ነበር። ሁሌም የምመታው በእናንተ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከሁለተኛው ሥራዬ ስመለስ፣ ጠዋት ከቀመስኳት ሌላ ምንም ሳልበላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ በልቼ ነው ወደ ቤት የምወጣው። ትስቁ ይሆናል። የእኔ ሕክምና ግን ቆሎ ነው።

ሁለተኛው ያልረሳሁት አብረውኝ የተቀመጡትን ሴቶች ነው። አንዷ የኤልሳልቫዶር ልጅ እስከ ዛሬ ትደውልልኛለች። እዚህ አገር ፓረንትስ አኖኒመስ የሚባል ነገር አለ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ልጇን እንዳትጎዳ የፈራች አንዲት እናት ከአንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ሆና የጀመረችው። ወላጆች ተቀምጠው እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ፈራጅ የለም። የእኛው ማኅበር እኮ ነው፤ ጠላና ዳቦው ብቻ ነው የጎደለው።

ማርታ ዘ ጀሞ — ሰኞ፣ ማታ 1፡10

"ጎረቤት ያዢ፣ ቡና ጠጪ" ልትሏት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ቡና ጠጥቼ አይቻለሁ። ልጄን እንደመታሁ ለአንዷ ነገርኳት። በሳምንቱ ደረጃው ላይ የማላውቃት ሴት ቆማ "አይዞሽ፣ ያልፋል" አለችኝ። ከየት ሰማች? ገበና ማለት ለዚህ ነው። አማቴም ስትመጣ አንድ ሰዓት ልጁን ትይዝልኝና ሁለት ሰዓት ታዝብኛለች። እሷ ስትወጣ እጄ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ — ሰኞ፣ ማታ 2፡45

ማርታ የተናገረችው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጥናትም አለበት።

የቴነሲ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ዋህለር በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ነው። ድሃና ብቸኛ የሆኑ 18 እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ተከታተለ። የልጅ አያያዝ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ሥልጠናው እስካለ ድረስ ቤቱ ሰላም ሆነ። ከዓመት በኋላ ሲታዩ ግን ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። ዋህለር ግን ሌላም ነገር መዝግቦ ነበር፤ እናቶቹ በየቀኑ ከቤት ውጭ ካለ ከማን ጋር እንዳወሩ። ከወዳጅ ጋር ብዙ ባወሩበት ቀን ከልጃቸው ጋር የነበረው ጠብ አነሰ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ እናቶች ሰው ጨርሶ አላጡም። ዘመድም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛም ይመላለስባቸው ነበር። ግን አብዛኛው የሚመጣው ሊያዝ፣ ሊቆጣ፣ ሊጠይቅ ነው። እንደ ማርታ አማት ማለት ነው። ስለዚህ ሰው መብዛቱ ብቻውን ምንም አይደለም። እኔ ለእናቶች የምለው፣ ከዚያች ሴት ቤት ስትወጪ ትከሻሽን እዪው ነው። ቀልሎሻል ወይስ ከብዶሻል? ከብዶሽ ከሆነ እሷ ያንቺ ሰው አይደለችም፣ የሥጋ እህትሽም ብትሆን።

ሌላው፣ እርዳታ መጠየቅ ራሱ ሙያ ነው። እንደ ወጥ ይለመዳል። ሥራዬ ላይ የማገኛቸው ብዙ ወላጆች ክፉ አይደሉም፤ መጠየቅ አያውቁበትም። ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ሲሞላባቸው ሁሉንም በአንድ ቀን ያፈሱታል። ሰሚው ይደነግጣል፣ ይሸሻል። የአራተኛ ፎቅ እናት፣ ለማታውቂያት ጎረቤት ስለ ገመዱ በመንገር አትጀምሪ። "ልጄን ትንሽ እዪልኝ" ማለትም ይበዛል፤ ትንሽ ስንት ነው? "ከ11 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ትልቁን ልጅ ያዥልኝ፣ እኔ ሕፃኗን አጥቤ ላስተኛት" በያት። ሰዓት ያለው፣ የሚያልቅ ነገር ለሰው አይከብድም። "አልችልም" ካለችሽ ደግሞ ያን ቀን አልቻለችም ማለት ነው። ጠልታሽ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ቂጣም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅ የሚያሳፍርሽ ከሆነ ማለቴ ነው።

ገመናሽን የምትነግሪያት ሴት ደግሞ ሌላ ናት። እሷን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። አንድ ሰው ይበቃል።

ሦስተኛ ፎቅ — ሰኞ፣ ማታ 3፡30

እኔ የተገላቢጦሹን ልጠይቅ። ከበላያችን ልጅ ሲመታ ይሰማናል። ባለቤቴ "አያገባንም" ይላል። ምን ላድርግ?

ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ — ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ሂጂና አንኳኪ። "ምን እያደረግሽው ነው?" ብለሽ አይደለም። ሽንኩርት ተበደሪ። ወይም "ሕፃኗን ልያዝልሽ፣ አንቺ ተንፍሺ" በያት። በር ሲንኳኳ እጅ ይቆማል። ያቺ ደቂቃ ናት የምትፈለገው። ልጁ ላይ ጉዳት ካየሽ፣ ወይም በየቀኑ ከሆነና ካልቆመ ግን ሽንኩርት አያዋጣም። ወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አለ፣ ፖሊስ ጣቢያም አለ። ሄደሽ ተናገሪ።

ሁለት ሴቶች አሳዳጊ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ሁሉም "እህቴ" ይላል። አባትም አለ እዚህ ቤት።

ሚስቴ ኩዌት ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። የ9 እና የ6 ዓመት ሴቶች ልጆች ጋራዥ እየሠራሁ ብቻዬን አሳድጋለሁ። እኔን የሚያሳብደኝ ጠዋት ፀጉር ነው። ትንሿ ማበጠሪያ ስታይ ትጮኻለች። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ይመጣል፣ እኔ እጄ ግሪስ የለመደ ነው፣ ቋጠሮው አይፈታም። አንድ ቀን በማበጠሪያው ጀርባ ጭንቅላቷን መታኋት። ደማች።

ለማን ልናገር? ሴቶች ቡና ላይ ያወራሉ። እኛ ድራፍት ላይ ስለ አርሰናል ነው የምናወራው። "ልጄን መታሁ፣ ፈራሁ" ብል ጠረጴዛው ዝም ይላል። ወይ ይስቁብኛል። በመጨረሻ የነገርኩት ለጋራዡ ዘበኛ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ አምስት አሳድገዋል። "እሑድ እሑድ ልጆቹን ለሚስቴ አምጣልኝ" አሉኝ። ይኸው እሑድ ማታ ሹሩባ ተሠርተው ይመለሳሉ። ለሳምንት ፀጉር የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ጠብሼ እንበላለን፣ ጨዋታ አለ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላነሣሁም፤ ሰባት ወሩ ነው።

አንድ ጠያቂ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ለመሆኑ በሕግ ያስጠይቃል? ኢትዮጵያ ውስጥ ማለቴ ነው።

የሕግ ተማሪ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡40

ያስጠይቃል፣ ግን ክፍተት አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ መሆኑን በግልጽ ይላል። ቤትን በስም አልጠራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጁን የሚበድልን፣ ያለ አቅሙ የሚያሠራን፣ የሚደበድብን ወላጅ ወይም አሳዳጊ በቀላል እስራት ይቀጣል። ከባድ ጉዳት ካደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል፣ የወላጅነት መብትም ሊያሳጣ ይችላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ልጅን በአግባቡ ለማሳደግ፣ ሕግ ሳይጣስ የሚወሰድ ርምጃን አይመለከትም የሚል አለ። ሰው ሁሉ የሚሟገተው እዚህች ላይ ነው። ቻርጀር ግን በምንም መንገድ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ከስቶክሆልም — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡15

ስዊድን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ልጅ መምታትን በቤት ውስጥም ከልክላለች፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ያኔ ማስታወቂያውን የወተት ካርቶን ላይ አትመውት ነበር፤ ወላጅና ልጅ ቁርስ ላይ አብረው እንዲያነቡት። እዚህ ያለን ሐበሾች ሕጉን ፈርተን እጃችንን እንሰበስባለን፣ አፋችን ግን ይመታል። "እንደ አባትህ ደደብ" የሚለው ክንድ ላይ ምልክት አይተውም።

የጉለሌው አባት — ማክሰኞ፣ ማታ 12፡30

ስታወሩ ዋልኩ፣ ሳነብ ዋልኩ።

አባቴ የሞተው በ7 ዓመቴ ነው። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ነው አራታችንን ያሳደገችው። እጇ ከባድ ነበር፤ አልዋሽም። ሲብስባት የእናቴ እህት መጥታ "ይኼን ልጅ ለኔ ስጪኝ" ብላ ትወስደኝ ነበር። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ስመለስ እናቴ ሌላ ሰው ናት። እስከ ዛሬ አክስቴ የወሰደችኝ ለእኔ አዝና ይመስለኝ ነበር። ለእናቴም ኖሯል።

ቁንጥጫን አሁንም አልነቅፍም፤ በዚህ አንስማማም። አንቺ ግን ልጄ፣ አክስት ፈልጊ።

ነርስ ከጤና ጣቢያ — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ቁንጥጫውንም እንነጋገርበታለን። ስለ አክስትዎ ግን እጅ ነሥቻለሁ።

በውስጥ መስመር "ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ የማያውቁት ሰው ቤት ገብቶ ምን ሊረዳ?" ላለችኝ አንድ ነገር ልበል። ኒው ዮርክ ግዛት ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ 400 ነፍሰ ጡሮች ላይ ሙከራ ተደረገ። ለተወሰኑት ነርስ እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር፤ ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው። 15 ዓመት ቆይተው መዝገብ ሲያዩ፣ ነርስ በሄደችባቸው ቤቶች ልጅ ተጎዳ ወይም ተረሳ የሚለው ሪፖርት ወደ ግማሽ ወርዷል። ግን ባል ሚስቱን አዘውትሮ በሚመታበት ቤት ያ ለውጥ አልታየም። ለዚያ ነው ሰኞ ያንን ጥያቄ የጠየቅኩት። የአራተኛ ፎቅ እናት መልሳልኛለች፣ በዚያ በኩል ሰላም ነው። እኛም ጋ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። በር ሲንኳኳ "ክትባቷን ወስዳለች" ብላችሁ ከደጅ አትመልሷቸው። አስገቧቸው።

የአራተኛ ፎቅ እናት (ኮዬ ፈጬ) — እሑድ፣ ማታ 4፡10

ይቅርታ፣ ቆየሁ። ሁሉንም አንብቤአለሁ፣ አንዳንዱን ሁለቴ።

ረቡዕ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። አንድ ጎረምሳ ከፈተና "እናቴ የለችም" ብሎ ዘጋው። ደረቴ እንዴት እንደመታ! ተመልሼ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሐሙስ አልወጣሁም። ዓርብ ከጎን ያለውን ሞከርኩ። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት፣ ሽሮ ምድጃ ላይ ጥዳ። ያጠናሁትን ነገርኳት፤ "ከ11 እስከ 11 ተኩል" አልኩ። "ለምን ግማሽ ሰዓት? ራት ይብላና ይምጣ" አለችኝ። ልጄ ያለ ጫማ ሮጦ ገባ። እኔ ሕፃኗን አጠብኩ፣ አጠባሁ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀጭኗን ግድግዳ አልፎ የልጄ ሳቅ ይሰማኛል።

ስለ ገመዱ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ግን እሷው ራሷ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ፣ "ሐሙስ የዚያን ጊዜ ሰምቼሽ ነበር። ማንኳኳት ፈርቼ ተውኩት" አለችኝ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ሲብስብኝ ግድግዳውን ሁለቴ እንድመታ ተስማማን። በማንኪያ።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "ውኃውን ስለደፋሁ ነው?" አለኝ። "አይደለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኩት። አሁንም እጄ ከፍ ሲል ያያታል። ዛሬ ስኒ ከማውረዴ በፊት "ስኒ ላወርድ ነው" ብዬ ነገርኩት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የሕፃኗ 80ኛ ቀን ሊደርስ ነው። ክርስትና እናት ጎረቤቴ ትሁን ብዬ አስቤ ነበር፤ አማቴ ግን የባሌን እህት ካላደረግሽ ብላለች። የባሌ እህት ሐዋሳ ናት፣ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። አማቴን ሳላስቀይም እንዴት ልበላት?

ማርታ ዘ ጀሞ — እሑድ፣ ማታ 4፡25

ባልሽ ይንገራት። ከጅቡቲ መስመር ላይ ደውሎ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ።